ከጉቴ ወደ ወንጪ፦ የቤተሰብ የደሴት እረፍት መመሪያ

ከወለጋዋ ጉቴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ሲሬን፣ ባኮን፣ ጌዶንና ጉደርን አልፎ አምቦ ይደርሳል። አምቦ ላይ ምሳውን በልቶ፣ አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ጠጥቶ ይቀጥላል። አንዱ ለሕክምና፣ ሌላው ለፓስፖርት፣ ሌላው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው የሚጓዘው። ከአምቦ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቆ ግን በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ በሐይቁም ላይ ገዳም ያለበት ደሴት አለ። ወንጪ ነው። ለጉቴ፣ ለነቀምቴና ለአካባቢው ከተሞች ቤተሰብ በየብስ መንገድ ቶሎ የሚደረስበት የደሴት ማረፊያ ይህ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኞቻችን መታጠፊያውን በየዓመቱ እያለፍነው እንሄዳለን።

ደሴት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ዛንዚባርን፣ ሲሸልስን ወይም ማልዲቭስን ነው። ወደነዚህ ቦታዎች ሰው የሚጎርፈው ለአሸዋውና ለባሕሩ ብቻ አይደለም። ደሴት ዙሪያው ውሃ ስለሆነ ገበያው፣ ቢሮውና የዕለት ጣጣው እንደልብ አይከተልም። ለመግባትም ለመውጣትም ጀልባ መጠበቅ ግድ ነው። ሰው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ይረጋጋል፣ ዙሪያውን ያያል፣ አብሮት ካለው ሰው ጋር ይጨዋወታል። ይህን ለማግኘት ውቅያኖስ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ወንጪም ይሰጣል።

ሆኖም በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሳይታቀድ የተጀመረ ጉዞ ሰውን ይበልጥ አድክሞ፣ ልጅ አሳምሞ፣ ዕዳ አስገብቶ ሊመልስ ይችላል። እረፍትም እንደ እርሻና እንደ ንግድ ዕቅድ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይከተሉ።

እርምጃ 1፦ ቀኑን አስቀድመው ይወስኑ

ከሁሉ በፊት የመነሻውን ቀን ይወስኑና ለቤተሰቡ በሙሉ ይንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት 1,530 ኔዘርላንዳውያንን ጠይቆ ነበር። ለእረፍት የሚጓዙት ከማይጓዙት የበለጠ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ልዩነቱ የቆየው በጣም ዘና ያለ እረፍት ባሳለፉት ላይ ብቻ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጠባበቁ ደስታ ራሱ የእረፍቱ አካል ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። ሁለተኛው፣ በሩጫ የተሞላ ጉዞ ብዙ ፋይዳ የለውም።

ለወለጋ ቤተሰብ የሚመቸው ጊዜ ከመስቀል በኋላ እስከ የካቲት ያለው ነው። ጥቅምት ላይ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም ቀንሷል። ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ ደግሞ እህሉ ገብቶ፣ የቡናው ለቀማ አልቆ፣ ልጆችም የመንፈቀ ዓመት እረፍታቸውን የሚያገኙበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴን ይተዉት። ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ጉሙም ሐይቁን ሸፍኖ ሊውል ይችላል።

ለጉዞው አራት ቀንና ሦስት ሌሊት ይመድቡ። በሁለት ቀን ደርሶ ለመመለስ ከሞከሩ አብዛኛው ጊዜ መኪና ላይ ያልቃል።

እርምጃ 2፦ ለቤተሰብዎ የሚስማማውን ደሴት ይምረጡ

ወንጪ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት ሌሎቹን አብረው ይመዝኑ።

ወንጪ። በምዕራብ ሸዋና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ መካከል፣ በአምቦና በወሊሶ መሃል ይገኛል። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ይደርሳል፤ ሐይቁ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው ፍል ውሃ፣ የእንሰት ማሳ፣ ጥድና ኮሶ ያለበት ደን፣ ንብ የሚያረቡ መንደሮች አሉ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆኗል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከደንዲ ሐይቅ ጋር ተያይዞ ለምቶም በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ብርድ የማይፈራ፣ መራመድ የሚወድ ቤተሰብ ይስማማዋል።

ዝዋይ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባቱ ከተማ አጠገብ ነው። አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኝበታል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተቀመጠችው እዚያ ነው የሚል ትውፊት አለ። የዛይ ሕዝብ በነዚህ ደሴቶች ላይ ቋንቋውንና የጀልባ ሥራውን ጠብቆ ኖሯል። ሞቃት አየር የሚሻ ሰው፣ በተለይ ብርድ የማይስማማቸው አዛውንት፣ ከወንጪ ይልቅ ዝዋይን ይመርጡታል። ወፎችና ጉማሬዎችም አሉት።

ጣና። 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የቀደሙ ነገሥታት አጽም ተጠብቆ ይኖራል፤ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከቤተሰብ ጋር የሚሄዱ ከሆነ አስቀድመው የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባባቸውም። ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስ ኢየሱስና በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ከነቀምቴ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ መንገድ አለ፤ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር የኦሮሚያንም የአማራንም ክልል የነካ ስለሆነ ወቅታዊውን ሁኔታ በጥብቅ ሳያጣሩ አይነሱ።

ዛንዚባር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበት ደሴት ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ወንጪን ይመለከታል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ጀልባና ስለ ሥርዓት የተጻፈው ግን ለሌሎቹም ያገለግላል።

እርምጃ 3፦ ገንዘቡን በዕቁብ ያዘጋጁ

በአገራችን ለሞት ዕድር አለን፣ ለንግድና ለዕቃ ግዢ ዕቁብ አለን። ለእረፍት የሚሆን ቁጠባ ግን እምብዛም አይታይም። አራት ወይም አምስት ቤተሰቦች ሆነው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚጥሉበት የጉዞ ዕቁብ ያቋቁሙ። ዕጣ አያስፈልገውም፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ በተወሰነው ቀን ሁሉም አብሮ ይጓዝበታል። አብሮ መጓዝ ሚኒባስ በኮንትራት ለመያዝ፣ የጀልባና የአስጎብኚ ክፍያን ለመካፈል ያመቻል፤ ልጆችን በጋራ ለመጠበቅም ይረዳል።

ወጪውን በስድስት ይክፈሉት፦ መጓጓዣ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የመግቢያና የጀልባ፣ የፈረስ፣ እንዲሁም ለድንገተኛ የሚቀመጥ። ለድንገተኛ የሚያዘው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ቢሆን መልካም ነው። ቴሌብር ቢኖርዎትም ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ይያዙ፤ ሐይቁ ዳር ያለ ባለ ፈረስ መልስ ላይኖረው ይችላል። ተበድረው አይሂዱ። በዕዳ የተገኘ እረፍት ከመመለሻው ቀን ጀምሮ ጭንቀት ይሆናል።

እርምጃ 4፦ ከመነሳትዎ በፊት ጤናዎን ይዩ

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጎራ ይበሉ፤ በተለይ፦

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው ወንጪ ከነቀምቴና ከጉቴ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ እንደሚል ለሐኪሙ ይንገረው። ሐይቁ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ዳገት። እዚህ ሆኖ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው እዚያ ይብስበታል።

የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን በቀዝቃዛ መያዣ፣ ከራሱ ጋር ባለ ቦርሳ ይያዝ እንጂ መኪና ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይክተት። ስኳሩ ቢወርድበት የሚቀምሰው ነገርም ከኪሱ አይጥፋ።

ነፍሰ ጡር እናት በፈረስ ቁልቁለት አትውረድ። የመጨረሻ ወሯ ከሆነ ከሆስፒታል የማይርቅ ማረፊያ ትምረጥ።

ወባን በተመለከተ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ስፍራ ነው። ወንጪ ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ ነው። መንገድ ላይ የምናልፈው ባኮ፣ እንዲሁም ዝዋይና ጣና ግን ወባ ያለባቸው ናቸው። ባኮ ካደሩ ወይም ወደ ሁለቱ ሐይቆች ከሄዱ አጎበር ያለው ክፍል ይጠይቁ፣ ከመሸ ረጅም እጅጌ ይልበሱ።

የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከሚበቃዎት በላይ ለሦስት ቀን የሚሆን ጨምረው ይያዙ፤ መንገድ ቢዘጋ ይጠቅማል።

እርምጃ 5፦ መንገዱን ያጣሩ

ባለፉት ዓመታት በወለጋ መንገዶች ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። እንቅስቃሴ የተገደበባቸው፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የተለያየባቸው ወራት ነበሩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እረፍት የሚገባው ሕዝብ ነው፤ ጥንቃቄው ግን መቅደም አለበት።

ከመነሳትዎ ሁለት ቀን በፊት መናኸሪያ ሄደው በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ይጠይቁ። አምቦ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ይደውሉ። በመነሻው ጠዋት አንድ ጊዜ ደግመው ያጣሩ። ሲነጋ ተነሱ፣ ከመምሸቱ በፊት ደርሳችሁ ግቡ የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ ላይ ሕግ ይሁን። የሁሉንም ሰው መታወቂያ በእጅ ይያዙ። የተሳፈሩበትን መኪና ታርጋ ቤት ለቀረ ሰው ይላኩ።

የሚያጠራጥር ነገር ከሰሙ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉ። ለዚህም አማራጭ ያዘጋጁ፤ ነቀምቴ ገብተው የወለጋ ሙዚየምንና የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ከልጆች ጋር አይተው፣ አንድ ሌሊት ከቤት ውጭ አድረው መመለስም እረፍት ነው።

እርምጃ 6፦ ሻንጣውን ለብርድና ለፀሐይ ያዘጋጁ

ወንጪ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሌሊት ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ፦

ወፍራም ሹራብ ወይም ጃኬት፣ ካልሲ፣ ለልጆች ኮፍያ፤
የዝናብ ልብስ፣ በበጋም ቢሆን፤
የማያንሸራትት ጫማ (ሸበጥ ለሐይቅ ዳር ይበቃል፣ ለቁልቁለት ግን አይሆንም)፤
ባርኔጣ፤ ከፍታና የውሃ ነጸብራቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል፤
ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ለብርድም ለገዳሙም፤
የእጅ ባትሪና ለስልክ ፓወር ባንክ፤
ፋሻ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ኦ.አር.ኤስ.፤
ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ ወይም በሶ፤
የቆሻሻ መያዣ ፌስታል፣ የተጠቀሙበትን ሁሉ ይዞ ለመመለስ።

የቤት ሥራ፣ የሱቅ መዝገብና የቢሮ ወረቀት ሻንጣው ውስጥ አይግባ።

እርምጃ 7፦ የመጀመሪያውን ሌሊት አምቦ ይደሩ

ከጉቴ እስከ አምቦ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። በጠዋት የተነሳ ከሰዓት በፊት ወይም በምሳ ሰዓት ይደርሳል። የዚያኑ ዕለት ወንጪ ለመግባት አይጣደፉ። መንገዱ ወደ ባኮ ወርዶ ወደ ጌዶ ይወጣል፤ ሰውነት በአንድ ቀን ቆላም ደጋም ቀምሶ ይደክማል። አምቦ ላይ ማደር ከዚህ ድካም ለማረፍ ይረዳል።

ከሰዓቱን ለአምቦ ፍል ውሃ ይስጡት። አምቦ በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ውሃው ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ ይወጣል። ለብ ባለው ውሃ ውስጥ መዋኘት ከመኪና ለወረደ ወገብና ጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ለረጅም ጊዜ አይዘፍዘፍ፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ ይነሳ። ልጆች ያለ አዋቂ መዋኛው ዳር አይቁሙ።

ማታ ቀለል ያለ ራት ይብሉ፣ በጊዜ ይተኙ። ለነገው ሚኒባስ በኮንትራት ከሆነ የሚሄዱት ዋጋውን፣ የሚጠብቅበትን ሰዓትና የመመለሻውን ጉዳይ ማታውኑ ይነጋገሩ። በሕዝብ መጓጓዣ ከሆነ ወደ ወንጪ የሚወጣው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የመጨረሻው መመለሻም መቼ እንደሆነ መናኸሪያው ላይ ይጠይቁ።

እርምጃ 8፦ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ

ማልደው ይድረሱ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሐይቁም ነፋስ አይበዛበትም። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ወዲያው ወደ ታች አይሮጡ። ሻይ ጠጥተው፣ ሐይቁን፣ ደሴቱንና ተዳፋቱ ላይ የተዘራውን ማሳ ከላይ ይዩት። ልብዎ ከፍታውን የሚለምድበት ጊዜም ይሆናል።

የመግቢያ ክፍያውን በደረሰኝ ይክፈሉ። ፈረስ ሲይዙ ዋጋው ለአንድ መንገድ ይሁን ለደርሶ መልስ አስቀድመው ይስማሙ። ለጤነኛ ሰው የሚሻለው ቁልቁለቱን በእግር መውረድ፣ ዳገቱን በፈረስ መውጣት ነው። ፈረስ ቁልቁል ሲወርድ አቀማመጥ የማያውቅ ሰው ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል፤ ጉልበትዎ የሚታመም ከሆነ ግን በፈረስም ሲወርዱ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ይምራው። ልጅ ብቻውን ፈረስ ላይ አይጫን።

የጉቴ ሰው እዚህ ላይ ከሌላው ጎብኚ የሚበልጥበት ነገር አለው። የወንጪ ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። አስተርጓሚ ሳያስፈልግዎት ከባለ ፈረሱ፣ ከጀልባ ቀዛፊው፣ ቆጮ ከምትፍቀው እናት ጋር መጨዋወት ይችላሉ። አካም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ይጀምሩ፤ የዚያን ቀን ትልቁ ደስታ ከዚህ ጨዋታ ሊገኝ ይችላል።

ጀልባ ላይ ሲወጡ የሚከተሉትን ሳያረጋግጡ አይሳፈሩ፦

ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለልጆችም ጭምር፣ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ? ማሰሪያው ይቆለፋል?
ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ አልተጫነችም? ከሞላች ቀጣዩን ተራ ይጠብቁ።
ሰማዩ ጠቁሯል ወይም ነፋስ ተነስቷል? ከሆነ እስኪያልፍ ዳር ላይ ይቆዩ።
ቀዛፊው አልጠጣም? እናንተስ? አልኮል የቀመሰ ሰው ጀልባ አይውጣ።

ውሃው ላይ አይቁሙ፣ ፎቶ ለማንሳት ሁሉም ወደ አንድ ጎን አያዘንብል። ወንጪ ውስጥ አይዋኙ፤ ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ ቅዝቃዜውም ጎበዝ ዋናተኛን ሳይቀር እጅ እግሩን ሊያስረው ይችላል። ጣናና ዝዋይ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። የሁለቱም ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። ውሃው ውስጥ የቆመ ወይም የታጠበ ሰው ሲመለስ ለሐኪም ይንገር፤ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል።

እርምጃ 9፦ ደሴቱ ላይ በሥርዓት ይቆዩ

የወንጪ ደሴት የቂርቆስ ገዳም ያለበት፣ ሰዎች የሚጸልዩበትና የሚኖሩበት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሲደርሱ ጫማ ያውልቁ፣ ሴቶች ነጠላ ይከናነቡ፣ ወንዶች ባርኔጣቸውን ያንሱ። የት መግባት እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ አባቶችን ይጠይቁ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። ድምፅ ማጉያ ይዞ ሙዚቃ መክፈት ነውር ነው።

ጉቴና ነቀምቴ አካባቢ ብዙ ሰው የመካነ ኢየሱስና የሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባል ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ቤተሰብ ደሴቱ ለእኔ አይሆንም ብሎ አይቅር። ለስፍራው የሚገባውን ክብር ሰጥቶ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ውሃውን እያየ መዋል ለሁሉም የሚሆን ነው።

ደሴቱ ላይ ያለ ዕቅድ ይቀመጡ። ለመመለሻ የጀልባውን ሰዓት ከተነጋገሩ በኋላ ሰዓት አይቁጠሩ። ልጆች ወፍ ይዩ፣ አዛውንት ይረፉ፣ ባልና ሚስት ከቤት ወጪና ከትምህርት ቤት ክፍያ ውጭ የሚያወሩት ነገር ያግኙ። ከደሴቱ መልስ ጉልበት ካላችሁ ሸለቆው ውስጥ ወዳለው ፍል ውሃ ይራመዱ፤ ካልሆነ ግን ይተዉት። ያልታየ ነገር መቅረቱ ጉዞውን አያጎድለውም።

እርምጃ 10፦ አእምሮም እንዲያርፍ ያድርጉ

ሰው ቦታ ቀይሮ ሐሳቡን ካልቀየረ ደክሞ ይመለሳል። ለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ።

ስልክ። ሱቁን ወይም ቤቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይሰይሙ፤ የሚደውለውም በቀን አንድ ጊዜ፣ በተስማማችሁበት ሰዓት ይሁን። በቀረው ጊዜ ስልኩ ይዘጋ።

ዘመድ። አምቦ ወይም ጉደር ያለ ዘመድ እግረ መንገዳችንን እንጠይቅ የሚል ሐሳብ ይመጣል። መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን አራቱም ቀን በግብዣና በይሉኝታ ካለቀ እረፍት አይሆንም። ለዘመድ ሌላ ቀን ይመድቡ፤ ካልሆነም በመመለሻው ዕለት ለቡና ብቻ ጎራ ይበሉ።

ሦስተኛው ቀን። ይህን ቀን ባዶ ይተዉት። ወንጪ ካደሩ ጠዋት ዘግይተው ተነስተው፣ መንደሩን ዞረው፣ ቡና አፍልተው ይዋሉ። አምቦ ተመልሰው ካደሩም እንዲሁ። የደንዲ ሐይቅን ለማየት የሚጓጓ ቢኖርም ሁሉም ካልፈለገ ሰው አይገደድ። አራተኛው ቀን የመመለሻ ነው።

ምግብም የእረፍት አካል ነው። የሚጠጡት ውሃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን። ወተት ሳይፈላ አይጠጡ፣ ጥሬ ሥጋ ይለፋችሁ። ረቡዕና ዓርብ መንደር ውስጥ የጾም ምግብ ብቻ ሊገኝ ስለሚችል ለልጆች የሚሆን ነገር ቀድመው ያስቡ። እጅ መታጠቢያ ሳሙና ከእጅ አይለይ።

የሚያሳስብ ሕመም ቢከሰት፣ ማለትም የደረት ሕመም፣ የማይቆም ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም ስብራት ሲኖር፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አምቦም ወሊሶም ሆስፒታል አለ፤ የወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። በከፍታው ብቻ ራሱን ያመመው ሰው ግን ውሃ ጠጥቶ ይረፍ፤ ካልተሻለው ወደ አምቦ ዝቅ ይበል።

እርምጃ 11፦ ለባለአገሩ ይጥቀሙ

እንግዳ የሚያርፍበት ስፍራ የሌላው ሰው መኖሪያ ነው። ወንጪ ውስጥ ፈረስ የሚመራው ወጣት፣ ጀልባ የሚቀዝፈው አባወራ፣ ማር የምትሸጠው እናት ከጎብኚው የሚያገኙት ገቢ ደኑን ከመቁረጥ ይልቅ እንዲጠብቁት ምክንያት ይሆናቸዋል።

ስለዚህ ምሳዎን እዚያው ይብሉ፣ ማሩን ከአምራቹ ይግዙ። የተስማሙበትን ዋጋ ሥራው ካለቀ በኋላ ለማስቀነስ አይከራከሩ። ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አይበትኑ፤ ትምህርት ትተው መንገድ እንዲጠብቁ ያደርጋቸዋል። መስጠት ከፈለጉ ለትምህርት ቤቱ ደብተር ይስጡ። ሰብል ውስጥ ገብተው ፎቶ አይነሱ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሐይቁ ዳር ትቶ መሄድ የመጣንበትን ነገር በእጃችን ማጥፋት ነው።

እርምጃ 12፦ ተመልሰው ሲገቡ

በመመለሻው ማግስት ወዲያው ሥራ አይጀምሩ። ቢቻል ቅዳሜ ገብተው እሑድን ቤት ይዋሉ። ከተመለሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት የያዘው የቤተሰብ አባል ቢኖር፣ በተለይ ቆላማ ስፍራ አድራችሁ ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብለው ሳይጠብቁ ደም ያስመርምሩ፤ ጉዞውንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከጉዞው ያገኙትን አንድ ልማድ ቤት ውስጥ ያቆዩ። በሳምንት አንድ ምሽት ስልክ ዘግቶ አብሮ ራት መብላት፣ ወይም እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ በሙሉ ጉቴ ዙሪያ በእግር መውጣት ሊሆን ይችላል። የደሴቱ እረፍት የሚዘልቀው እንዲህ ባለ ልማድ ነው። ያለዚያ በሁለትና በሦስት ሳምንት ድካሙ ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻም ያዩትን ለጎረቤት፣ ለዕቁቡና ለሥራ ባልደረባ በትክክል ይንገሩ፦ መንገዱ እንዴት እንደነበር፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የትኛው ማደሪያ ንጹሕ እንደሆነ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ያልነበረው ጀልባ የቱ እንደሆነ፣ አዛውንቶች የት ላይ እንደደከሙ። ማስታወሻ ላይ ጽፈው ለሚቀጥለው ተጓዥ ይስጡት። እስካሁን ከወለጋ ወደ ወንጪ ለእረፍት የሚሄደው ቤተሰብ ጥቂት የሆነው ገንዘብ ብቻ ስላነሰ ሳይሆን መንገዱን የሚያሳይ ሰው ስለሌለም ነው። አንድ ቤተሰብ በደህና ሄዶ በደህና ሲመለስ፣ ተከትሎት የሚነሳው ሌላው ቤተሰብ ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ዝግጅቱም የተሻለ ይሆናል።